ገመዱ ተነቅሎም የተናገረው ማሽን

ቴክኒሻኑ ወደ ላይኛው ማጠቢያ ክፍል ሲገባ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሌሎቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ጉንፋን አልነበረባትም። እሱ በሩን በከፈተ ቁጥር ከመካከላቸው አንዷ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ የቀሩት አፋቸውን ይዘጋሉ። ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

«ጆሮ ጠቢ መጣ» አለች ልብስ የምትለየዋ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ።

«ይምጣ። ጆሮውን ይዞ ይመለሳል» አለች ሌላዋ።

ቴክኒሻኑ እርጥብ አንሶላ በተቆለለባቸው ጋሪዎች መካከል ቦርሳውን እያሾለከ ወደ ጥጉ አለፈ። ጥጉ ላይ፣ ላስቲክ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አሮጌው ኮምፒውተር ተቀምጧል። ነጭ የነበረው ገላው እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ማራገቢያው አስም እንደያዘው ሰው ያቃስታል።

ያን ቅጽል ስም ያወጣችለት የክፍሉ ኃላፊ ናት። እሷም ቅጽል ስም አላት፤ ሠራተኞቹ «ምላጭ» ይሏታል፣ ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍር የለም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ የምታስር ሴት ናት። ዋናው መሥሪያ ቤት ማጠቢያዎቹን ከሩቅ ሆኖ የሚከታተልበት ፕሮግራም እንዲጫን ባዘዘ ጊዜ የመጣው ይኸው ቴክኒሻን ነበር። ምላጭ ያን ቀን ሠራተኞቿን ሰብስባ፣ እሱ እየሰማ፣ «ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ ጆሮ ጠቢ ገብቶልናል። እጃችሁ ይሥራ፣ አፋችሁ ይዘጋ» አለች። ፕሮግራሙን ትበል እሱን ማንም አልጠየቀም። ብዙ ሳይቆይ ስሙ ግቢውን ሞላው። ዘበኛው ሳይቀር በዚያ ይጠራው ጀመር። ወሬው ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሳቀች። ያን ሳቅ በምላጭ ላይ ያዘባት።

ማጠቢያ ቤቱ የሆስፒታሎች ነው። አንሶላው፣ የቀዶ ጥገና ጨርቁ፣ የበሽተኛው ልብስ ከየሆስፒታሉ በመኪና ይመጣና ላይኛውና ታችኛው ክፍል ተካፍለው ያጥቡታል። ከዚያ ሁሉም መተኮሻ ቤት ገብቶ ይደባለቃል። የትኛው አንሶላ የት እንደታጠበ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ውሃው ሰባ ዲግሪ ደርሶ መቆየት አለበት። ካልደረሰ ልብሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ጀርሙ ግን ከነነፍሱ ወደ ሆስፒታል ይመለሳል።

አሁን አንድ ሆስፒታል አቤት ብሏል። ቁስላቸው የሚያመረቅዝ በሽተኞች በዝተውብናል፣ አንሶላችሁን መርምሩ የሚል ነው። በዋናው መሥሪያ ቤትና በሥራ አስኪያጁ ግድግዳ ላይ ያለው፣ የውሃው ሙቀት ሲጎድል የሚቀላው ሰሌዳ ደግሞ ከብዙ ጊዜ ወዲህ አንድ ስም ብቻ ያቀላል። ላይኛው ክፍል። ይቀላል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ተመልሶ ይቀላል። ዛሬ ከምሳ በኋላ በዚህ ጉዳይ ስብሰባ ተጠርቷል። ቴክኒሻኑ አንድ ነገር አጣርቶ እንዲመጣ ታዟል፤ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው ወይስ የሴትዮዋ። የኮምፒውተሩ ካልሆነ ምላጭ ትባረራለች። የበሽተኛ አንሶላ ሳታፈላ የላከች ተብላ ነው የምትባረረው፤ በዚህ ዕድሜዋ ያን ስም ተሸክማ የሚቀበላት ደጅ የለም።

ቴክኒሻኑ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ከሁለቱ የትኛው እንዲሆንለት እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር።

«ተቀመጥ እንጂ» የሚል ድምፅ ከጀርባው መጣ። ምላጭ ናት። ስትመጣ ኮቴዋ አይሰማም። «ግን እኔ በማይህ በኩል። ከማላይህ በኩል ሆነህ ምንም እንዳትነካካ።»

«እንዴት አደሩ።»

«ማደሩንስ አደርኩ። መዋሌን እንጃ፤ እሱ በእናንተ እጅ ነው።»

ላፕቶፑን ከፈተ። ሰሌዳው ላይ ላይኛው ክፍል ቀልቷል፤ ሃምሳ ሁለት ዲግሪ ይላል። ቀና ብሎ አሮጌውን ኮምፒውተር አየ። ይኼኛው ሰማንያ ሁለት ይላል። ተመልሶ ላፕቶፑን ሲያይ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሰማንያ ሁለት። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀላ።

ምላጭ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ከማጠቢያው ሥር ያለውን ቧንቧ ከፍታ ውሃ በጣሳ ቀዳችና ቴርሞሜትር ከተተችበት፤ አፍንጫው ሥር አምጥታ ያዘችለት። ከሰማንያ በላይ ነው።

«ቴርሞሜትርም ይሳሳታል» አለ።

«እጅህን ክተትበት እንግዲያው። እጅህም ከተሳሳተ እናያለን።»

ሴቶቹ ሳቁ። እንፋሎት ፊቱ ላይ መጣ።

ከጫፍ ጀመረ። የኔትወርኩን ገመድ ነቀለ፣ አፀዳ፣ ሰካ። የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን አየ፤ ልክ ነው። ዲስኩ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ የማይረባውን ሰረዘለት። አዲሱን የተቆጣጣሪ ፕሮግራም ሊጭንበት ሞከረ፤ ሲስተሙ አርጅቷልና አልቀበልም አለ። ይህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ይህን ሲስተም የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከተዉት ቆይተዋል።

«ምን ይላል?» አለች ምላጭ።

«አርጅቻለሁ ይላል። መለወጥ ነበረበት።»

«እንለውጠው ስንል ማን እምቢ አለ? እናንተ አይደላችሁም?»

«እኔ ገዢ አይደለሁም።»

«አይደለህም። ምን እንደሆንክ እናውቃለን።»

እዚህ ላይ ሐሳብ መጣለት፤ መጥቶም ደስ አለው። ወንበሩን አዞረና ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይን ዐይኗን አያት።

«እንዲህ ይመስለኛል» አለ። «ማሽኑ ደክሟል። የለካውን ወዲያው መላክ ያቅተውና ያጠራቅማል። ዛሬ የሚናገረው የዛሬውን ላይሆን ይችላል። እኔ በሌለሁበት፣ እርስዎ ውሃውን ሳያሞቁ ያጠቡበትን ቀን ይሆናል አሁን የሚያወራው።»

የምላጭ ፊት አልተለወጠም። ጣሳውን ብቻ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ውሃ ሳይፈላ አጥቤ አላውቅም።»

«ማሽን ቂም የለውም። ያየውን ነው የሚናገር።»

«ቂሙ የአንተ ነው እንግዲህ» አለች። ከክፍሉ ጫፍ ጋሪ ተገለበጠና አንሶላው ወለል ላይ ተዘረገፈ። ወደዚያው ሄደች፤ ስትሄድ ግን ዞራ፣ «ማረጋገጥ ትችላለህ ወይስ እንዲሁ ነው የምትናገረው?» አለች።

ይችላል። ለዚህም ነው ደስ ያለው። ተቆጣጣሪውን ማቆም፣ የተጠራቀመውን ሁሉ መደምሰስ፣ ከዚያ ማየት። ቁጥሩ የቆየ ከሆነ ይጠፋል። መጥፋቱም የምላጭ ጥፋት ማስረጃ ይሆናል።

ተቆጣጣሪውን አቆመው። የተጠራቀመውን ደመሰሰ። ሰሌዳው ላይ ዝም ያለ ማሽን ግራጫ ይሆናል። ላይኛው ክፍልም ግራጫ ሆነ። ቴክኒሻኑ ወንበሩን ደገፍ አለ።

ግራጫው ቀላ። አርባ ዘጠኝ ዲግሪ።

በደንብ አላቆምኩትም ይሆናል ብሎ ዳግመኛ አየ። ቆሟል። ጎንበስ ብሎ የኔትወርኩን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ነቀለውና በእጁ ይዞ ጠበቀ። ሃምሳ። ትንሽ ቆይቶ ሃምሳ አንድ። የቆየ ቁጥር ቢሆን አንድ በአንድ አይወጣም ነበር። ይህ አሁን፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ የሆነ ቦታ እየሞቀ ያለ ውሃ ነው። ምላሱ የተቆረጠ ሰው ሲያወራ መስማት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀና አለ። ምላጭ ጀርባዋን ሰጥታ ጋሪ የገለበጠችውን ሴት ትገሥጻለች። ሌሎቹ እሱን እንዳያዩ ፊታቸውን አዙረዋል። ያየው እሱ ብቻ ነው።

ወሬው ከየት እንደሚመጣ ላፕቶፑ ላይ ፈለገ። ሁለቱ ክፍሎች የየራሳቸው የኔትወርክ መስመር አላቸው። አድራሻው የታችኛው ክፍል ነው።

ታችኛው ክፍል ሰሌዳው ላይ የለም። ኮምፒውተሩ ከመጠን በላይ ስላረጀ ተቆጣጣሪ አይጫንበትም ተብሎ ከተተወ ቆይቷል። እንዲያ ያለው የታችኛው ክፍል ኃላፊ ነው። የታችኛው ክፍል ኃላፊ ደግሞ የቴክኒሻኑ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው።

አሁን ነገሩ ከሥሩ ታየው። ባለፈው ዓመት የታችኛው ኮምፒውተር ዲስክ ሞቶ ነበር። ማጠቢያዎቹን የሚያዘው ፕሮግራም ከዚያ አሮጌ ሲስተም ውጭ አይሠራም፤ የሲስተሙ መጫኛ ደግሞ በገበያም የለም። ዋርሳው በበዓል ቀን የላይኛውን ዲስክ አስፈታና ሰፈር ውስጥ ላለ ጠጋኝ ሰጥቶ አስገለበጠው። ቅጂውን ታችኛው ላይ ገጠመ። ማጠቢያው ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ ብልሃት ማለት ይህ ነው ብሎ አመሰገነው። ልብስ በጅምላ የሚገዛ ሰው ኪስ ፈትሾ አይገዛም። ከዲስኩ ጋር ተቆጣጣሪውም ከነስሙ፣ ከነመታወቂያ ቁጥሩ አብሮ ሄዷል። ሁለቱ ማሽኖች ተገናኝተው አያውቁም። የሚገናኙት ሰሌዳው ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ሰሌዳው መጨረሻ የተናገረውን ያምናል።

በመጀመሪያ የተሰማው ደስታም ፍርሃትም አልነበረም። ብስጭት ነው። ሴትዮዋ ንጹሕ መሆኗ አበሳጨው።

ገመዱን መልሶ ሰካ፣ ተቆጣጣሪውን አስነሣ፣ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ።

«ተረጋገጠልህ?» አለችው በሩ ላይ።

«ገና ነው።»

«ገና ነው ይላል። ገመድ እስኪያዘጋጅልኝ ነው።»

ታችኛው ክፍል ስቆ ይቀበላል። እንግዳ ሲመጣ ሳሙና የሚያቀብሉት እንኳ ፈገግ ይላሉ፤ ኃላፊያቸው እንዲያ አስለምዷቸዋል። እሱን «ሳቂታው» ይሉታል። ወፍራም፣ ጎልማሳ፣ ለሁሉም የሚሆን ቀልድ ያለው ሰው ነው። ጋሪው እዚህ አይቆምም። ያልታጠበው በአንዱ በር ይገባል፣ የታጠበው በሌላው ይወጣል፣ ከላይኛው ክፍል በፊትም ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ይወደዋል።

«ዋርሳዬ፣ ዛሬ ምን እግር ጣለህ?» አለ ሳቂታው። «እህቴ ደህና ናት? ነው ወይስ አባራሃለች?»

«ደህና ናት ጋሼ። ኮምፒውተሩን ልየው ብዬ ነው።»

«የእኛ ምን ይታያል? ጡረተኛ ነው፣ ለቁጥጥር አይሆንም ተብሎ የለ።»

«ማን ነበር ያለው?»

«እኔ» አለና ሳቀ።

ቴክኒሻኑ በመስታወት ወደተከለለችው የኃላፊው ክፍል ገብቶ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ማሽኑ ሃምሳ ሦስት ይላል። ከመስታወቱ ወዲያ ሴቶቹ በዚያ ውሃ የታጠበውን አንሶላ እያወጡ ወደ ጋሪ ይጥላሉ። በጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፈተ። ተቆጣጣሪው አለ። ከበላዩ መታወቂያው ተጽፏል፦ ላይኛው ክፍል።

ሳቂታው በሩን ዘጋ። ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም፤ ዐይኑ ብቻ ቆመ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለ ቴክኒሻኑ።

«አንተ አልከኝ?»

«መቼ ነው ያወቁት?»

ሳቂታው የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሰው ደደብ አይደለም። እኔ እንፋሎት በቀነስኩ ቁጥር እሷ ላይ ይቀላል። አንዴ አየሁ፣ ሁለቴ አየሁ። ገባኝ።»

«ገብቶዎት ዝም አሉ።»

«ምን ልበል? የምቀንሰው እኔ ነኝ ብዬ ጡሩምባ ላስነፋ? እንፋሎት የሚሰጠን ቦይለር ለሁለታችንም አንድ ነው። እሷ ጠዋት ማልዳ እንፋሎቱን ትመጠዋለች፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ትፋቷ ነው። እሱ እስኪሞቅ ብቆም ጋሪው ይቆማል። ጋሪው ሲቆም እኔ እቆማለሁ። የእሷም አንሶላ ነጭ ነው፣ የእኔም ነጭ ነው። መተኮሻ ቤት ከገባ በኋላ ማን ይለየዋል?»

«የተኛበት ይለየዋል።»

«አንተ ደግሞ ሰባኪ ሆንክ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ይህን ጆሮ ጠቢህን ከእኔ ማሽን ላይ አጥፋው። አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ የእሷ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰዉም ብትባረር ተስተካከለ ይላል። ያለፈው ቀይ የእሷ ነው፣ ይዛው ትሂድ። ምን ይቆጭሃል? ትወዳታለህ እንዴ? ያን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ?»

የከፋው ይህ ነበር። ሰውየው ከተናገረው ውስጥ ቴክኒሻኑ ጠዋት በመንገድ ላይ ያላሰበው አንድም ቃል የለም። በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ግን ሸተተው።

«እሷ ከሄደች በኋላ ውሃውን ያሞቃሉ?» አለ።

«እናያለን።»

ይህን ሲል ሳቀ። በመስታወቱ በኩል ያየችው ሴት አብራ ሳቀች፤ ምን እንደተባለ ሳታውቅ።

ቴክኒሻኑ ወደ ማሽኑ ዞረ። ተቆጣጣሪውን አቆመ። ሳቂታው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ «እንዲህ ነው እንጂ። ሥጋ ሥጋ ነው» አለ። ቴክኒሻኑ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። የመታወቂያውን ፋይል ደመሰሰ። በስሙ ቦታ ላይ የነበረውን አጥፍቶ «ታችኛው ክፍል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ተቆጣጣሪውን መልሶ አስነሣው።

«ጠፋ?» አለ ሳቂታው።

ላፕቶፑን አዞረለት። ሰሌዳው ላይ ላይኛው ክፍል አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ቀድሞ ያልነበረ መስመር ገብቷል። ታችኛው ክፍል፤ ቀይ፤ ሃምሳ አራት።

ሳቂታው አነበበው። ደግሞ አነበበው። ሠራተኞቹ ያን ሰው ሳይስቅ አይተውት አያውቁም፤ የዚያን ጊዜ አንዷ በመስታወቱ አሻግራ አይታ ጋሪዋን አቆመች።

«ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» አለ። «ያን ወንበር ማን ሰጠህ? ሥራ አስኪያጁ እግር ሥር ወድቄ እኔ ነኝ ያስቀጠርኩህ። እህቴን ማን ሰጠህ?»

«እህትዎ በራስዋ እግር ነው የመጣችው።»

«በራስዋ እግር ትወጣለች።»

ይህን ብሎ ጎንበስ አለና የኮምፒውተሩን ሶኬት ከግድግዳው መንጥቆ ነቀለ። ማራገቢያው ወርዶ ወርዶ ዝም አለ። «በል አሁን ይናገር» አለ።

ከወዲያ በኩል ማጠቢያዎቹ ተራ በተራ ቆሙ። ውሃ እንደያዙ ነው የቆሙት። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሳቂታው የሠራውን ያወቀው ያኔ ነው፤ ሶኬቱን መልሶ ሰካ፣ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ አለ። ያረጀ ዲስክ በድንገት መብራት ሲቋረጥበት አይወድም።

«አስነሣው» አለ ሳቂታው።

«እኔ አልገደልኩትም» አለ ቴክኒሻኑ፤ ላፕቶፑን አጥፎ ወጣ።

ስብሰባው ላይ ቀድሞ የተናገረው ሳቂታው ነበር። ፈገግታውን በመንገድ ላይ አግኝቶታል። «ጌታዬ፣ እኔ ነገር አልወድም» አለ። «ይህ ልጅ ሳላዘው ገብቶ ደህና ይሠራ የነበረ ማሽን ነካካብኝ። ክፍሌ ቆሟል። ዘመዴ ነው ብዬ ዝም ብል የሆስፒታል አንሶላ ነው፣ በሰው ነፍስ ይመጣል።»

ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ግንዱን በእርሳስ እየወጋ ሰማው። ምላጭ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ማንንም አታይም። እጆቿን ጭኗ ላይ አነባብራለች፤ ሙቅ ውሃ ያቀላቸው እጆች ናቸው።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እኔ የጠየቅሁህ ስለ ላይኛው ነበር።»

ቴክኒሻኑ ሳያስረዝም ነገረው። ዲስኩ ሲገለበጥ ስሙ አብሮ መሄዱን፤ ሰሌዳው ሁለቱን እንደ አንድ ማየቱን፤ የላይኛውን ገመድ በእጁ ይዞ ሳለ ሰሌዳው ላይ ሃምሳ አንድ መውጣቱን። ሶኬቱን ማን እንደነቀለም ተናገረ።

«ይዋሻል» አለ ሳቂታው፤ በትሕትና ነው ያለው። «ማን አየ? የእኔ ማሽን እንደሆነ ሞቷል፤ የሞተ አይመሰክርም።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረ። «እውነቱን ነው። ምን ታሳየኛለህ?»

«ግድግዳዎን ይዩ።»

ሁሉም ዞሩ። ላይኛው ክፍል አረንጓዴ ነው። ታችኛው ግራጫ።

«ታችኛው ከሞተ ወዲህ ላይኛው አንድ ጊዜም አልቀላም» አለ ቴክኒሻኑ። «ከዚያ በፊት አንድ ጠዋት ሳይቀላ ውሎ ያውቃል? የእርስዎ ግድግዳ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያዩታል።»

ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳውን እያየ ተቀመጠ። አረንጓዴው ንቅንቅ አላለም። ሳቂታውም ያያል፤ ምነው ቢቀላ ብሎ የሚለምን ይመስል ከንፈሩ ይነቃነቃል። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ውሃው ስንት ነበር?» ብሎ ሳቂታውን ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ ቦይለሩ...»

«ውሃው።»

ሳቂታው ቀልድ ፈለገ። አላገኘም። ወደ ቤትህ ሂድ፣ ስንጠራህ ትመጣለህ ተባለ። ሲወጣ በቴክኒሻኑ አጠገብ አለፈ፤ አላየውም።

«የታችኛውን ጭነት ለጊዜው አንቺ ትወስጃለሽ» አለ ሥራ አስኪያጁ ለምላጭ። «ያው እንግዲህ... ተቸገርሽ።»

«እወስዳለሁ» አለች። ተነሣች። ነገር ግን አልሄደችም። ጣቷን ወደ ቴክኒሻኑ ቀሰረች። «ይህ ሰው ያ ሁሉ ጊዜ ሲቀላ ያያል። አንድ ቀን መጥቶ ገመድ አልነቀለም። ዛሬ የነቀለው እኔን ለማባረር ማስረጃ ሲፈልግ ነው። ቀዩ የእኔ እስከሆነ ድረስ ተመችቶት ነበር። ይህም ይታወቅ።»

«አውጥቶሻል እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የከተተኝን አልረሳም።»

ቴክኒሻኑ ሐሰት ነው ሊል አፉን ከፈተ። ምላጭ መልሱን ቆማ ጠበቀች፤ ሲያጣ በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

ከሰዓቱን በሙሉ ታችኛው ክፍል ውስጥ ከሞተው ማሽን ጋር ዋለ። ሴቶቹ ከቆሙት ማጠቢያዎች እርጥብ አንሶላ በእጃቸው እየጎተቱ ወደ ላይኛው ያመላልሳሉ። ውሃ የጠጣ አንሶላ ይከብዳል። ፈገግታው ሁሉ ጠፍቷል። አንዷ ስታልፍ፣ «እንጀራችንን ደፋህ» አለችው። ዲስኩን ፈትቶ ጆሮው አጠገብ ይዞ ሲያስነሣው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አበቃለት ማለት ነው።

ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ሚስቱ ደወለች።

«ወንድሜ እዚህ ነው» አለች። «ምን አደረግከው?»

«ምን አደረገኝ አለ?»

«ማሽኑን ሰብረህ በእሱ ላይ አላከክ ይላል። ለዚያች ምላጭ ለምትሏት ብለህ።»

«ሶኬቱን የነቀለው እሱ ነው።»

«እሱ አንተ ይላል፤ አንተ እሱ ትላለህ። እኔ ማንን ልመን? ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣነው።»

«እኔን አትመኚ። ውሃው ስንት ነበር ብለሽ እሱን ጠይቂው።»

«የምን ውሃ?»

«እሱ ያውቀዋል። ጠይቂው ብቻ።»

ስልኩን ከጆሮዋ ስታርቀው ተሰማው። ድምፅዋ ከሩቅ መጣ፦ «ጋሼ፣ ውሃው ስንት ነበር?» ሳቂታው ሳቀ፤ አጭር ሳቅ ናት። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ቴክኒሻኑ ዲስኩን በግራ እጁ፣ ስልኩን በቀኝ እጁ ይዞ ቆሞ ጠበቀ። «ጋሼ፣ እየጠየቅሁህ እኮ ነው» አለች ሚስቱ። ወንበር ሲገፋ ተሰማ። በር ተከፈተ። ተዘጋ።

ተመልሳ መጣች።

«ሄደ» አለች።

«ምን አለሽ?»

«ምንም አላለም። ሳይመልስልኝ ሄደ።» አለች። «አንተም ዛሬ አትምጣብኝ። ፊትህን ማየት አልፈልግም።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህ ይሆናል» አለች። «ግን አትምጣ።»

ዘጋችው። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ለቅሞ በጣሳ ውስጥ አደረጋቸው።